ልብ በደቂቃ ስንት ሊትር ደም ይረጫል? የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ብሎ ነው የከረመው። ልብ በደቂቃ ስንት ሊትር ደም ይረጫል? ጥያቄውን ያመጡት አባላቱ ናቸው። የልብ ምት መቁጠር ሰልችቷቸው ነበር። «ቲቸር፣ ምቱንማ ማንም ይቆጥራል፤ ደሙ ነው እንዴት የሚለካው?» አሉኝ። እውነት አላቸው። ደረት ተከፍቶ በጆግ አይሰፈር ነገር!

ዘዴውን ያፈለቀው ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1870። ሰውነት የሚጠቀምበትን ኦክስጅን ከሳንባ የሚያመላልሰው ደም ነው። በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን እንደገባ ይለካል። እያንዳንዱ ሊትር ደም ሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደጨመረም ይታወቃል። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ብቻ ነው።

አንዷ አባል ይህን ለታናናሾቿ ስታስረዳ ከእኔ የተሻለ አቀለለችው። «ከመጋዘን በደቂቃ 250 ጆንያ ይወጣል እንበል። መኪኖቹ ባዷቸውን አይመጡም፤ እያንዳንዱ 150 ይዞ ይመጣና 200 አድርጎ ይሄዳል። ስንት መኪና አለፈ?» አምስት። የኛም ስሌት ይኸው ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በደቂቃ ወደ 250 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማል። አንድ ሊትር ደም ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይዞ ሳንባ ይደርስና 200 ገደማ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይረጫል ማለት ነው። የልብ ምቱ 70 ከሆነ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ግድም ይደርሰዋል።

ኦክስጅኑን የመለካት ሥራ የኛ ነበር። ከወላጆች ፈቃድ ወሰድን። ከዚያ አፍንጫ በመቆንጠጫ ተይዞ፣ የሚወጣው ትንፋሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያስተላልፍ ቱቦ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። መጠኑ ይለካል፤ የኦክስጅን ድርሻውም በመለኪያ ይነበባል። ወደ ውስጥ የምንስበው አየር 21 ከመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው። የምናስወጣውም ቢሆን ብዙ ይቀረዋል፤ ብዙዎቹ አባላት ዜሮ የሚሆን መስሏቸው ነበር። በደቂቃ 6 ሊትር በሚተነፍስ ሰው ድርሻው ወደ 17 ከመቶ ቢወርድ፣ የተጠቀመው 240 ሚሊ ሊትር ነው። ከባዱ ሥራ ግን ሳይስቁ መተንፈስ ሆነ። ከረጢቱ ሲነፋ የማይስቅ ልጅ አላገኘሁም።

የደሙ ጉዳይ ሌላ ነው። በደም ቅዳ የሚሄደው ደም የያዘውን ኦክስጅን ጣት ላይ በሚሰካው መሣሪያ መገመት ይቻላል። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ የቀረው ማባዛት ነው። የሚመለሰው ደም ግን ከክንድ ተቀድቶ አይሆንም። ከመላው አካል የመጣው ደም ተደባልቆ የሚገኘው በቀኝ ልብና ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቅ የደም ሥር ነው። የፊክ ሐሳብ በሰው ላይ ለመሠራት ረጅም ዓመታት የፈጀበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም፣ አለቃው እየከለከለው፣ በራሱ ክንድ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቀኝ ልቡ ድረስ አደረሰው። ከዚያ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ተነሳ። ኩርናንድና ሪቻርድስ የተባሉ ሐኪሞች ዘዴውን አሜሪካ ውስጥ አሳደጉት፤ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1956 ኖቤል ተሸለሙ። አባላቱ ታሪኩን በጣም ወደዱት። እኔ ደግሞ ማንም እንዳይሞክረው ደጋግሜ አስጠነቀቅኩ።

ስለዚህ የኛ ስሌት ግማሹ የተለካ፣ ግማሹ ከመጽሐፍ የተዋሰ ነው። ውሰቱ የት ላይ እንደሚያጣላ ያየነው በእንቅስቃሴ ጊዜ ነው። የአንድ ቡድን አባላት ጠንክሮ ለሚሮጥ ሰው በደቂቃ 2,500 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ወሰዱና፣ የዕረፍቱን ልዩነት (ከ150 እስከ 200፣ ማለትም 50) ይዘው አካፈሉ። 50 ሊትር! «ይሄ ልብ ነው ወይስ የውሃ ፓምፕ?» ተባለ። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ዘለቀ። ጡንቻ ሲሠራ ከደሙ የሚወስደው ኦክስጅን ይጨምራል፤ የሚመለሰው ደም የያዘው ያንሳል። ልዩነቱ 150 ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሲካፈል 17 ሊትር ገደማ ሆነ፤ ይሄ የሚታመን ነው። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜ ያ ነበር። መልሱ በሒሳብ ትክክል ሆኖ ሳለ «አይሆንም» ያሉት ራሳቸው ናቸው።

በነገራችን ላይ ሆስፒታሎችም አንዳንዴ ኦክስጅኑን ሳይለኩ በሰውነት ስፋት ይገምታሉ፤ ውጤቱም ከእውነተኛው ብዙ ሊርቅ ይችላል። አባላቱ ይህን ሲሰሙ ከረጢታቸውን ትንሽ አከበሩት።

ሌሎቹ ሥራዎቻችን፣ ማለትም የግድግዳ ጋዜጣውና የጥያቄና መልስ ውድድሩ፣ እንደ ወትሮው ሄደዋል። ለከርሞ ሐሳባችን ስፖርት የሚያዘወትሩና የማያዘወትሩ አባላትን ዕረፍት ላይ ማወዳደር ነው። ምዝገባው ትምህርት እንደተከፈተ ይጀመራል። ሳቁን መቆጣጠር የሚችል ቅድሚያ ያገኛል።