ትናንት ማታ «ተይው» ስላልኩሽ

ልጄ፣

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሆኗል። አንቺ አዳር ተረኛ ነሽ። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ወጥ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ጠዋት ስትገቢ ሥላሴ ኪዳን ላይ ስለምሆን እንተላለፋለን። በስልክ እንዳልጽፍልሽ ነገሩ ይረዝማል። ደግሞስ የሰው ገመና በስልክ ሲዞር አይደል እዚህ ያደረሰን?

ትናንት የነገርሽኝ ጫማሽን እያሰርሽ ነው። አብራሽ የምትሠራው ትልቋ ሲስተር አንድ አባት ተኝተው ሳለ ጋቢያቸውን ገልጣ ቁስላቸውን ፎቶ አነሳች። ፎቶውን የክፍላችሁ ሠራተኞች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከሥሩ የሚስቅ ስቲከር ተደረደረ። የፊታቸው ግማሽ ይታያል። አንቺ ግን ከፊታቸው በፊት ያወቅሽው ጋቢያቸውን ነው። ያን ማታ እስከ እግራቸው ድረስ ያለበስሻቸው አንቺ ነበርሽ።

«እማዬ፣ ምን ላድርግ?» አልሽኝ።

«ተይው» አልኩሽ። «ትልቅ ሰው ናት። አንቺ ገና የሙከራ ጊዜሽን አልጨረስሽም። ነገር ውስጥ አትግቢ» አልኩሽ። ምንም አልመለስሽልኝም። ሌላ ቀን ጉንጬን ሳትስሚ አትወጪም። ትናንት ወጣሽ።

ልጄ፣ ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ አሁንም ለልጄ እንጀራ ፈርቼ ነው የተናገርኩት። ያንን ቃል ልመልሰው ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። የአባባን ስም አልነገርሽኝም። በምን እንደታመሙም አልነገርሽኝም። «አንድ አባት» ብቻ ነው ያልሽው። ያንን ልብ ብዬዋለሁ። ኮርቼብሻለሁ። አልጋ ቁጥራቸውን ግን ጠርተሻል። ከእንግዲህ እሱንም ለኔ አትንገሪኝ። የክፍሉን ስምና የአልጋ ቁጥሩን የያዘ ሰው፣ እዚያ ግቢ ዘመድ ካለው፣ የቀረውን ለማወቅ አንድ ስልክ መደወል ነው የሚበቃው።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ።

በ1988 ዓ.ም. ነው። አንቺ አልተወለድሽም። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር የምንኖረው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ሄጄ ያየሁት ለሌላ ነገር አልነበረም፤ የአንዲት ሴት በር የነበረበትን ቦታ ለማየት ነው። ባለ እንጀራ ነበረች። ስሟን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺም አልናገርም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሯ ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ አውጥታ ትቀመጣለች። እንጀራው ሰፌድ ላይ በንጹሕ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ይደረደራል። ከሥራ ስንመለስ አስር፣ አምስት እየገዛን እናልፋለን። ማታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰፌዱ ባዶ ይሆናል።

አንድ እሑድ ቡና አፍልቼ ሦስት ጎረቤቶቼ መጡ። አብራኝ የምትሠራ ነርስም ነበረች። ቶናው ሲቀዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ ባለ እንጀራዋ እኛ ጋ መጥታ ነበር። ደሟ ተመርምሮ ያ በሽታ ተገኘባት። ልጆች ስላሏችሁ ብዬ ነው» አለች። ያኔ ስሙን ማንም አይጠራውም ነበር። «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። መድኃኒትም አልነበረም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በሰው ላይ ከወጣ እንደ ሞት ፍርድ ነበር።

እኔ ሲኒውን ይዤ ቀረሁ። በእንጀራ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። የተማርኩት፣ በየቀኑ የማስተምረው ነገር ነው። ግን «በእንጀራ አይተላለፍም» ብል፣ አዎ አለባት ማለቴ ነው። «ውሸት ነው» ብል፣ መዋሸቴ ነው። ሚስጥር አንዴ ከወጣ እውነቱም ውሸቱም ሰውየውን አያድነውም። ያን ዕለት ነው የገባኝ። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገ ጠዋት የነርሶች አለቃችን፣ ሜትሮኗ፣ ቢሮ ገብቼ የሰማሁትን መናገር። አልገባሁም። ያወራችው ነርስ ጓደኛዬ ነበረች። «በኔ ምክንያት ከሥራ ብትባረርስ» አልኩ።

በሳምንቱ የሰፌዱ እንጀራ ማታም እንደ ቀኑ ከፍ ብሎ ይታይ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት አምስት ብቻ ጋግራ ወጣች። እሱም አልተሸጠም። እኔስ? እኔም ከሌላ ሴት መግዛት ጀመርኩ። በሽታውን ፈርቼ አልነበረም። ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ነው። እሷ ግን እንደ ሌሎቹ ፈራችኝ ብላ ነው የምታስበው። ነርሷ እንኳ ሸሸችኝ ብላ። ክረምቱ ሳይወጣ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ሄደች። የት እንደገባች አላውቅም።

ያቺ ባልደረባዬ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን እንድታስቢው እፈልጋለሁ። ያንቺም ሲስተር ክፉ አይደለችም። ደም ሥር እንዴት እንደሚገኝ እጅሽን ይዛ ያሳየችሽ እሷ ናት። የመጀመሪያው ሰው እጅሽ ላይ ሲሞት ሻይ ገዝታ ያረጋጋችሽ እሷ ናት። የዲዩቲ ክፍያ ሲዘገይ ልጆቿን በብድር የምታበላ ሴት ናት። ሁሉንም ነግረሽኛል። ጥሩ ሰውም የሰው ገላ ገልጦ ፎቶ ያነሳል። ድካም ያደነዝዛል። በቀን ሃያ ቁስል የምታይ ዓይን፣ ከቁስሉ ጀርባ ያለውን ሰው ማየት ትተዋለች። ይህ ግን ምክንያቱን ይነግርሻል እንጂ ፎቶውን ከሰው ስልክ ላይ አያጠፋውም።

ሰዉ ምን እንደሚልሽ አውቃለሁ። «የባልደረባ ገመና አይወጣም» ይሉሻል። «ሳባቂ» ይሉሻል። እስኪ ቃሉን እንየው። አባባ ለገዛ ልጆቻቸው የማያሳዩትን ቁስል ላንቺ ያሳዩሽ ወደው አይደለም። ካላሳዩሽ አይድኑም። ገመና ማለት ይህ ነው። ሲስተር ግን ስልኳን ከኪሷ ያወጣችው ማንም ሳያስገድዳት ነው። ይህ ገመና አይደለም። በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ አደራ በተሰጣት ሰው ላይ የፈጸመችው ድርጊት ነው። እኛ ነርሶች ሁለቱን እየቀላቀልን ነው የኖርነው። የበሽተኛውን እናወራለን፣ የባልደረባችንን እንሸፍናለን። መሆን ያለበት ግልባጩ ነበር።

ስትመረቂ ሻማ ይዘሽ የማልሽውን አስታውሺ። እኔ ከወላጆች ወንበር ሆኜ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬሽ ምያለሁ። የናይቲንጌል ቃለ መሐላ ይባላል እንጂ የጻፈችው እሷ አይደለችም። በ1893 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ለነርስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። በሥራዬ የማውቀውን የሰው ሚስጥር እጠብቃለሁ ይላል። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር መመሪያ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ታካሚውን የሚጎዳው የገዛ ባልደረባሽ ቢሆን እንኳ ታካሚውን ጠብቂ ይላል። መመሪያው መጀመሪያ የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ነገሩ ያንቺ ትውልድ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም።

ሕጉም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር የሚያወጣን ይቀጣል፣ ነርሶችንም ጠቅሶ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር አስቀምጦታል። ይህን የምነግርሽ ሲስተርን ታስፈራሪያት ዘንድ አይደለም። «ይቺ ልጅ ፎቶ አካበደች» የሚልሽ ሲመጣ እንዳትሸማቀቂ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ይህን በደንብ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ፎቶው ይውረድ። ዛሬውኑ። ቴሌግራም ላይ ላኪዋ ወይም የግሩፑ አድሚን ከሁሉም ዘንድ ሊያጠፋው ይችላል። ሰዉ ስልኩ ላይ ያስቀረውን ግን አያጠፋውም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ እንዲያጠፋ መነገር አለበት። ሲስተርን ብቻዋን አግኝተሽ ንገሪያት። ሰው ፊት አይሁን። «ሲስተር፣ እባክሽ አሁን አጥፊው። እኔ ለኃላፊያችን እናገራለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው» በያት። ከጀርባዋ እንዳልሄድሽ ትወቅ። ትቆጣሻለች። ልታለቅስም ትችላለች። እሷ ስላጠፋችው ብቻ ግን ነገሩ አለቀ እንዳትዪ። ስንት ሰው እንዳየው፣ ወዴት እንደተላከ፣ አባባም መነገር እንዳለባቸው የሚወስነው ኃላፊው ክፍል ነው። እሳቸውም ገላቸው ላይ ምን እንደተደረገ የማወቅ መብት አላቸው።

ማስረጃ ያስፈልጋል ብለሽ ፎቶውን ለኃላፊሽ ፎርዋርድ እንዳታደርጊ። ለጓደኛሽ አታሳዪ፣ ለኔም አታሳዪኝ። ማን እንደለቀቀው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፊ። ኃላፊዋ ማየት ካለባት ስልክሽ ላይ ትየው። አንቺም ሌላ በር እንዳትከፍቺባቸው።

ከዚያ በጽሑፍ ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ስጪ። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ከሻይ ሰዓት አያልፍም። በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። የሰማሽውን ተይ። «ነውረኛ»፣ «ኃላፊነት የጎደላት» የሚል ቃል አታስገቢ፣ እሱን የሚፈርደው ሌላ ሰው ነው። የአባባን ስም አትጻፊ፣ የካርድ ቁጥራቸው ይበቃል። ቅጂ አስቀሪ፣ የተቀበለችሽ ሰው ትፈርምበት። ኃላፊዋ መሳቢያ ውስጥ ከከተተችው ወደ ነርሲንግ ዳይሬክተሩ፣ ወደ ሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ክፍል ሂጂ። እዚያም ከታፈነ ከግቢው ውጭ ተቆጣጣሪ አለ፤ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴም አለ። ቲክቶክ ላይ ግን እንዳትወጪ። ንዴትሽ ይገባኛል። የምትጎጂው ግን መልሰሽ እሳቸውን ነው።

ይህ ሁሉ ሚስጥር ማውጣት ነው እንዴ ብለሽ ትጨነቂ ይሆናል። አይደለም። ማወቅ ላለበት ሰው፣ ማወቅ ያለበትን ያህል መንገር ሌላ ነው። ለሚቀጥለው ተረኛ ሕመምተኛሽን ስታስረክቢ የምታደርጊው እሱን አይደል?

ደግሞ ሁሉን ነገር ይዘሽ ቢሮ አትሩጪ። ሰው ዘግይቶ ቢገባ፣ ቢያኮርፍሽ፣ ሥራ ቢጥልብሽ እዚያው ተነጋገሩ። መድኃኒት የተሳሳተ ሰው ካየሽም ሪፖርቱ ስህተቱ እንዳይደገም እንጂ ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም። የአባባ ነገር ከዚህ ይለያል። ይህ ስህተት አልነበረም። ተሳቀበት።

ዋጋ ያስከፍልሽ ይሆናል። ስትገቢ የሻይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ፕሮግራም ሲወጣ አዳሩ ይደራረብብሻል። የሙከራ ጊዜሽም ያሳስበኛል፣ አልዋሽሽም። ቢከፋ ግን ቤት አለሽ፣ የጡረታ ደሞዜም ለሁለታችን ሽሮ ያንሳል ብዬ አላምንም። እኔ ያን እሑድ ዝም ያልኩት ሥራዬን ላለማጣት እንኳ አልነበረም። ጓደኛዬ ፊት እንዳይከፋኝ ነው። ይኸው ሰላሳ ዓመት ያህል ሆነኝ። ፒያሳ በሄድኩ ቁጥር ሰፌዱ ይታየኛል።

ምስር ወጡ ትንሹ ድስት ውስጥ ነው፣ አሙቂው። በልተሽ ተኚ። ስምንት ሰዓት ላይ እቀሰቅስሻለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ቡፌው ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ስትጽፊ አጠገብሽ እሆናለሁ፣ የጻፍሽውን ግን አላነብም። ኃላፊሽ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቢሮ ትኖራለች ብለሽኛል። ታክሲ ይዘን አብረን እንሄዳለን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ