የኮዱን ምልክት አትንኩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለተማሪዎች በመደባችሁት ገጽ ላይ የድረ ገጽ ዲዛይን መነሻ ትምህርት በተከታታይ ማውጣት መጀመራችሁ የሚያስመሰግን ነው። በጥንቃቄ የተዘጋጀ እንደሆነም ያስታውቃል። ነገር ግን ለምሳሌ ያህል የታተመው ኮድ እንዳለ ቢገለበጥ አይሠራም። ጥፋቱ የጸሐፊው አይመስለንም፤ ጽሑፉ ለኅትመት ሲቀናበር የመጣ ነው። የላቲኑ ሴሚኮለን (ነጥብ ከላይ፣ ኮማ ከታች ያለው ምልክት) በእኛው ድርብ ሰረዝ ተተክቷል፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የጥቅስ ምልክትም ጋዜጣው ለወትሮ በሚጠቀምበት ትእምርተ ጥቅስ ተለውጧል። ለሰው ዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ብራውዘር (ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም) ግን እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ እንዳላየ አያልፍም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም መስመር ኮድ ያላስገባነው ያው ዕጣ እንዳይደርሰው ብለን ነው።

የገጹን መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ አንዱን ትእዛዝ ከሚቀጥለው የሚለየው ሴሚኮለን ነው። የግዕዝ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ግን በሲኤስኤስ ሕግ የስም አካል መሆን የሚችል ሆሄ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ከቀለሙ ስም ጀርባ ድርብ ሰረዝ ሲገባ ብራውዘሩ ምልክቱን ከስሙ ጋር አጣብቆ ያነበዋል፤ እንዲህ የሚባል ቀለም ደግሞ አያውቅም። በዚህም አያበቃም። ትእዛዙ የት እንዳለቀ ስላልተነገረው ቀጣዩን መስመር የዚያው ተከታይ አድርጎ ይወስድና ሁለቱንም አብሮ ይጥላቸዋል። በገጹ ላይ የስህተት መልእክት አይወጣም። ተማሪው ቀለሙም የፊደሉም መጠን እንዳልተለወጠ ያያል፣ ምንም ያላጠፋውን ሁለተኛውን መስመር ደጋግሞ ሲመረምር ይውላል። የገጹ ይዘት በሚጻፍበት ቋንቋ በኤችቲኤምኤል በኩል ደግሞ የተለወጠው ትእምርተ ጥቅስ የሊንኩ አድራሻ አካል ሆኖ ይነበባል። ሊንኩ ሲጫኑት በስሙ ፊትና ኋላ ጥቅስ ያለበት ፋይል ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ፋይል ስለሌለ ‹‹አልተገኘም›› ይላል።

ይህ ችግር በጋዜጣ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይመልስ ኮድ የሚጽፍ ተማሪ ራሱ ይፈጥረዋል። በወርድ የሚጽፍም እንዲሁ፣ ወርድ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ወደ ተጠማዘዘው ስለሚለውጠው። ኮድ የሚጻፈው እንደ ቪኤስ ኮድ ባለ የኮድ ኤዲተር ነው፤ ከጠፋም ኖትፓድ ይበቃል። ኖትፓድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ዓይነቱ ‹‹ሁሉም ፋይሎች›› ካልተባለ ከኤችቲኤምኤል ቅጥያው (ዓይነቱን ከሚናገረው የስሙ መጨረሻ) ኋላ የጽሑፍ ፋይል ቅጥያ ሊጨምርበት ይችላል። ዊንዶውስ ደግሞ ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ ጭማሪው አይታይም። ከሁሉ በፊት የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ ይገባል።

ሌላው የምንለው የትምህርቱን ቅደም ተከተል ይመለከታል። ተከታታዩ የጀመረው ከቀለም ምርጫና ከቴምፕሌቶች፣ ማለትም ተዘጋጅተው ከሚገኙ የገጽ ንድፎች ነው። ይህ ቤቱ ሳይሠራ መጋረጃ እንደ መምረጥ ነው። ቴምፕሌት ሲያበጁበት ያምራል፤ አንድ ቦታ ሲበላሽ ግን ጀማሪው ራሱ ያልጻፋቸው በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ውስጥ ይሰጥማል። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በባዶ ፋይል ተጀምረው በእጅ ለሚጻፍ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ብቻ ይሁኑ። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ይቆይ፤ ፍሬምወርክ የሚባለው ዝግጁ የኮድ ስብስብ ደግሞ ከእሱም በኋላ ይምጣ።

መጀመሪያ ጽሑፉ በወረቀት ላይ ይዘጋጅ፦ ዋናው ርእስ፣ ንኡስ ርእሶቹ፣ አንቀጾቹ፣ ሥዕሎቹ። ከዚያ ያለ ምንም ቀለም ወደ ኤችቲኤምኤል ይግባ። ዋናው ርእስ አንድ ይሁን፣ ንኡስ ርእሶች ደረጃቸውን ጠብቀው ይውረዱ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ደረጃ ከሁለተኛው የሚያስቀድመው የፊደሉ መጠን ደስ ስላለው ነው። የርእስ ደረጃ ግን የመጠን ጉዳይ አይደለም፤ ማየት የተሳናቸው ሰዎች በስክሪን አንባቢ (ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ሲጠቀሙ ከርእስ ወደ ርእስ እየዘለሉ ገጹን የሚቃኙበት ማውጫ ነው። መጠኑን ሲኤስኤስ ያስተካክለዋል። ሲኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1994 በኖርዌያዊው የኮምፒውተር ባለሙያ በሆኮን ቪየም ሊ ሲታሰብም ዓላማው ይኸው ነበር፦ መልክን ከይዘት መለየት።

በአማርኛ ለሚጽፍ ተማሪ አንድ መስመር መዘለል የለበትም፤ የፊደል አመዘጋገቡ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚናገረው። ቦታው ከገጹ መጀመሪያ አንሥቶ ባሉት 1024 ባይቶች ውስጥ ነው፤ ‹‹ሄድ›› በሚባለው ክፍል መጀመሪያ ላይ ማድረግ ይመረጣል። መስመሩ ከሌለ ብራውዘሩ ይገምታል፣ ግምቱ ሲስት ደግሞ ገጹ በማይነበብ ምልክት ይሞላል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ‹‹ሰላም›› የሚለው ቃል ዘጠኝ ባይት ነው፤ ብራውዘሩ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አውሮፓ ፊደል ያነበዋል። በዚሁ ምክንያት የፋይል ስም በአማርኛ ባይሆን ይሻላል። በሊንክ ውስጥ አንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል፤ ያቺው ‹‹ሰላም›› 27 ምልክት ትሆናለች። ለአማርኛ ጽሑፍ የመስመሩ ከፍታ የፊደሉን መጠን 1.6 ወይም 1.7 እጥፍ ቢሆን ለንባብ ይመቻል። ያጋደለ ጽሑፍ ደግሞ ቢቀር፤ ለግዕዝ ፊደል የተሠራ ያጋደለ ፎንት ሳይኖር ብራውዘሩ ራሱ ፊደሉን ጎትቶ ያጣምመዋል።

ሲኤስኤስ ውስጥ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሰው የሳጥን ስሌት ነው። የአንድ ሳጥን ስፋት 300 ፒክስል ይሁን ተብሎ ተጻፈ እንበል፤ ፓዲንጉ (በይዘቱና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት) በየጎኑ 20፣ ቦርደሩ (ጠርዙ) በየጎኑ 1 ፒክስል ነው። ስክሪን ላይ የሚይዘው 342 ነው እንጂ 300 አይደለም። በነባሪው ስሌት ‹‹ስፋት›› ማለት የውስጡ ይዘት ብቻ ስለሆነ ፓዲንግና ቦርደር ከላይ ይደመራሉ። 600 ፒክስል ቦታ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ የተባሉ ሁለት ሳጥኖች 684 ይፈልጋሉ፤ በፍሎት (ሳጥንን ወደ ጎን በሚያስጠጋው የድሮ ዘዴ) የተደረደሩ ከሆነ ሁለተኛው ወደ ታች ይወርዳል። መድኃኒቱ የስሌቱን መነሻ ‹‹ቦርደር ቦክስ›› ማድረግ ነው፤ ለሁሉም ኤለመንት (የገጹ ክፍል) በፋይሉ አናት አንድ ጊዜ ከተጻፈ 300 ማለት 300 ይሆናል። ማርጂን፣ ማለትም ከሳጥኑ ውጭ ያለው ክፍተት፣ የራሱ ጠባይ አለው። ከላይ ያለው አንቀጽ የታች ማርጂን 30፣ ከታች ያለው የላይ ማርጂን 20 ቢሆን በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት 50 ሳይሆን 30 ነው፤ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሕጉ ነው።

ለአደራደር በአንድ ረድፍ ወይም ዓምድ የሚደረድረው የሲኤስኤስ ዘዴ ፍሌክስቦክስ ይበቃል፣ ቀጥሎ በረድፍና በዓምድ የሚደረድረው ግሪድ ይመጣል። ግሪድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ ይሠራል። ገጽን በሠንጠረዥ ወይም በፍሎት መከፋፈል የሚያስተምር ጽሑፍ ጊዜው ስላለፈበት ተማሪውን ባያደክመው ጥሩ ነው።

በኮምፒውተር አምሮ በስልክ ላይ ፊደሉ እንደ ጉንዳን የሚያንስ ገጽ ብዙውን ጊዜ የቪውፖርት መስመር (የገጹን ስፋት ለብራውዘሩ የሚነግረው) የጎደለው ነው። ያ መስመር ከሌለ የስልኩ ብራውዘር ገጹን 980 ፒክስል ገደማ በሆነ ምናባዊ ስክሪን ላይ ይዘረጋና አሳንሶ ያሳየዋል። ስለዚህ ስፋቱ የመሣሪያው ስፋት እንዲሆን መታዘዝ አለበት። ከዚያ በኋላ ሥዕሎች ከያዣቸው እንዳያልፉ ትልቁ ስፋታቸው መቶ በመቶ፣ ቁመታቸው ደግሞ በራሱ የሚስተካከል ይደረግ። ጽሑፍ ለያዘ ሳጥን ቋሚ ቁመት አይሰጥ፤ ስልክ ላይ መስመሩ ሲበዛ ጽሑፉ ከሳጥኑ ፈስሶ ከታቹ ጽሑፍ ጋር ይደራረባል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ኤፍ 12 ተጭኖ የስልክ እይታን መክፈትና ስፋቱን 360 ፒክስል ማድረግ። ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ አንድ ነገር ከስክሪኑ ሰፍቷል ማለት ነው።

ያው በኤፍ 12 የሚከፈተው መሣሪያ ለሌላም ይጠቅማል። ያልሠራውን ኤለመንት በቀኝ ተጭኖ ‹‹ኢንስፔክት›› ሲሉ የትኛው ትእዛዝ እንደደረሰውና የትኛው እንደተሰረዘበት ያሳያል። የጻፉት ትእዛዝ ጨርሶ ከሌለ ፋይሉ ሴቭ አልተደረገም፣ ወይም አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይም ብራውዘሩ አሮጌውን ቅጂ ይዟል፤ ለመጨረሻው ኮንትሮልና ኤፍ 5 አብሮ መጫን ነው። ትእዛዙ ኖሮ ከተሰረዘና ጎኑ የማስጠንቀቂያ ምልክት ካለ አጻጻፉ ስህተት ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ከተሰረዘ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ በልጦታል። በአይዲ (ለአንድ ኤለመንት ብቻ በሚሰጥ መለያ) የተጠቆመ ትእዛዝ በክላስ (ብዙ ኤለመንቶች በሚጋሩት መለያ) የተጠቆመውን፣ በክላስ የተጠቆመውም በታግ ስም የተጠቆመውን ይበልጣል። አይዲን ለመልክ አለመጠቀም ብዙ ክርክር ያስቀራል።

አሁን ስለ ቀለም። ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል የሚጠየቀው ዝቅተኛ የብርሃን ንጽጽር 4.5 ለ 1 ነው፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1። የቀለም ቁጥሩ 999999 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ ከ3 ለ 1 እንኳ አይደርስም፤ 767676 ግን 4.5 ለ 1ን ለጥቂት ያልፋል። ‹‹ቀለል ያለ ግራጫ ዘመናዊ ነው›› የሚለው ምክር ከዚህ መለኪያ ጋር ቢታይ ኖሮ በገጻችሁ ባልወጣ ነበር።

ፎቶ ሳይቀነስ መለጠፍም የተለመደ ጥፋት ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 400 ፒክስል ስፋት ባለው ቦታ ሲገባ አንባቢው ከሚያየው መቶ እጥፍ ፒክስል ያወርዳል። ለጥራት ሲባል ስፋቱን ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 800 ፒክስል አድርጎ ማሳነስ በቂ ነው።

ገጹ ለሕዝብ ሲወጣ ‹‹እኔ ጋ ይሠራል›› የሚባለው ነገር ይመጣል። ሥዕሉ በራስ ኮምፒውተር ሙሉ አድራሻ ተጠቅሶ ከሆነ ሌላው ሰው ያ ፎልደር የለውም። ሁለተኛው ምክንያት ትልቅና ትንሽ ሆሄ ነው፤ ዊንዶውስ የፋይል ስም ላይ አይለያቸውም፣ አብዛኛው ሰርቨር (ገጹን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ስሞች ሁሉ በትናንሽ ሆሄና ያለ ክፍተት ይጻፉ።

ቀጣዩ ክፍል ስለ ፎርም እንደሚሆን አስታውቃችኋል። ፎርም ከሁሉ ይልቅ ጥቅስ የሚበዛበት ኮድ ስለሆነ ነው ዛሬ የጻፍነው። ሁለት ነገር እንዳይቀር አደራ፦ እያንዳንዱ መሙያ ‹‹ኔም›› የሚባለውን ስያሜ ካልያዘ የተሞላው ነገር አይላክም፤ በፎርም ውስጥ ያለ ቁልፍም ዓይነቱ ካልተገለጸ ሲጫኑት ፎርሙን ይልካል። ለኅትመቱ ደግሞ በገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ላይ ጥቅስን በራሱ የሚለውጠው ምርጫ ይዘጋ፣ ኮዱ እኩል ስፋት ባላቸው ፊደላት ይቀመጥ፣ ቃል በመስመር መጨረሻ በጭረት አይከፈል፤ ጭረቷ የኮዱ አካል መስላ ትገለበጣለችና። ከዚያም ኮዱን ያልጻፈ አንድ ሰው የማረሚያ ወረቀቱን እያየ ይተይበውና በብራውዘር ይክፈተው። ካልተከፈተ ወደ ማተሚያ ቤት አይሂድ።

ከአክብሮት ጋር
ድረ ገጽ ዲዛይን የምናስተምር ባለሙያዎች