አቤ፣ የኮተቤውን ቀን ደገምኩት

አቤዋ፣ እንዴት ነህ ባክህ? አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ስሜን ስክሪኑ ላይ ስታይ የመጣልህን ስድብ መጀመሪያ ጨርሰው፣ እጠብቃለሁ።

ጨረስክ? እሺ። ጥፋተኛ ነኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ! ልጄን ቦሌ ድረስ ወስደህ፣ ሻንጣዋን በፕላስቲክ አስጠቅልለህ፣ ለሆስተሷ በእጅህ አስረክበህ ስትልክልኝ እኔ "ደርሳለች፣ እግዜር ይስጥልኝ" የምትል አንዲት ቴክስት ጽፌልህ ጠፋሁ። ሥራ በዝቶብኝ ምናምን ብዬ ልዋሽህ ነበር፣ ሁለቴ ጽፌ አጠፋሁት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ፣ ድፍረቱ ከመጣልኝ። ሚስትህን፣ ልጆቹን፣ ሰፈሩን በሙሉ ሰላም በልልኝ፣ የማኪያቶ ዕዳዬንም አልረሳሁም።

አሁን የጻፍኩልህ ግን ቸግሮኝ ነው። ከሳምንት በኋላ ረቡዕ ሚሚን እዚህ ፓሪስ አጠገብ ያለው ዲስኒላንድ ልወስዳት ነው። ቀን የተጻፈበት ትኬት ነው የቆረጥኩት፣ ረቡዕ ደግሞ ትምህርት የላትም፣ ከቅዳሜና እሁድም ይረክሳል። ይረክሳል ስልህ ለሁለታችን ከመቶ ዩሮ በላይ ነው፣ ወደ ብር እንዳትመነዝረው፣ እኔ መንዝሬው አንድ ሌሊት አልተኛሁም።

እና የሚያስቀው ምን መሰለህ፣ እዚህ አገር ሰባት ዓመት ስኖር ረግጬው አላውቅም፣ መንገዱ ግን የኔው መንገድ ነው! ላ ዴፋንስ ያለው የማጸዳው ቢሮ በየቀኑ የሚወስደኝ ያው ቀዩ የባቡር መስመር ነው፣ ኤርኧኤር 'ኤ' የሚሉት። ሌሊት አስር ሰዓት ተነስቼ ከሰፈሬ ከሳን ዴኒ በ'ዲ' መስመር መሀል ከተማ ሻትሌ ጣቢያ እመጣለሁ፣ ሻትሌ ላይ ወደ ምዕራብ ከዞርክ የኔ መጥረጊያ፣ ወደ ምሥራቅ ከዞርክ ሚኪ ማውስ። በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ የሚያመላልስ መስመር ነው፣ ግማሹ እኔ ብብት ሥር ነው የሚቆመው። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን አንድም ቀን ወደ ምሥራቅ ዞሬ አላውቅም፣ ምን ልሠራ?

ታዲያ ፈራሁ። አትሳቅ። ፈረንሳይኛዬን ታውቀዋለህ፣ "ቦንዡር" እና "ጨርሻለሁ ሼፍ" ነው። ልጅቷን ይዤ ጣቢያ መሀል ቆሜ ወዲህ ወዲያ ስል፣ ካርታ ላይ ስፈጥ፣ ሰው ስጠይቅና ሰው ሳይገባው ሲቀር እንድታየኝ አልፈለግኩም። የሆነ ነገር የሚያውቅ አባት ልሁንላት አልኩ፣ ቢያንስ ባቡር። ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ብቻዬን ሄጄ ልለማመድ ወሰንኩ። ያለ ልጅ፣ ያለ ትኬት፣ መንገዱን ብቻ። ናቪጎዬ፣ የባቡር ካርዴ ማለት ነው፣ የወር ነው፣ ግማሹን አሠሪዬ ይከፍላል፣ ሁሉም ዞን ያስኬዳል፣ ስለዚህ ሳንቲም አላወጣሁም።

ከሥራ ስወጣ በናንተ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በዛ ሰዓት ወደ ላ ዴፋንስ የሚመጣው ባቡር እንደ ማርያም ንግሥ ነው፣ ከዛ የሚሄደው ግን ባዶ። ባቡሩ ፎቅ ነው፣ ላይ ወጣሁ፣ መስኮት ያዝኩ፣ ሙቀቱ ከእግሬ ሥር ይመጣል። ሻትሌን አይቻለሁ። ናሲዮንን... መሰለኝ አይቻለሁ። ከዛ በኋላ ያለውን እግዜር ነው የሚያውቀው። አንድ ሰውዬ ትከሻዬን እየነቀነቀ "ሙሴ፣ ተርሚኑስ"፣ መጨረሻው ነው፣ ሲለኝ ዓይኔን ገለጥኩ፣ ሚኪ የለም፣ ቤተ መንግሥት የለም፣ ጫካ የመሰለ ነገርና የቆሙ አውቶቡሶች። ቧሲ ሳን ሌዤ የሚባል ቦታ። ኮተቤ ነው የደረስኩት አቤ! ያው ያኔ እንቅልፍ ወስዶኝ የደረስኩበት የኛው ኮተቤ! የጎደለው ውሻው ብቻ ነው። እዛው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ያኔ አንተ ያልከው ትዝ አለኝ፣ ያቺን ለጓደኞቻችን አሁንም አልተናገርኩብህም፣ ውለታ ቁጠርልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው ለካ፣ ቫንሰን የሚባል ጣቢያ ላይ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ቧሲ፣ አንዱ ወደ ማርን ላ ቫሌ ሼሲ። ዲስኒው ያለው ሼሲ ነው። ባቡሮቹ አራት ፊደል የሆነ ስም አላቸው፣ ግንባራቸው ላይ ይበራል፣ በየቀኑ እያየሁት ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ በ'ኪው' የሚጀምረው ሼሲ ነው፣ በ'ኤን' የሚጀምረው ኮተቤ። አንዳንዱ ደግሞ ቶርሲ ላይ ያቆምና ሦስት ፌርማታ ሲቀርህ ያወርድሃል፣ እሱ ግን ችግር የለውም፣ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ተመልሼ ቫንሰን ወረድኩ፣ ቀየርኩ፣ በዚህኛው ባቡር ቆሜ ነው የሄድኩት፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ። ተቆጣጣሪ የሚመስል ሰው ሁሉ ያየኛል።

ስልኬ ላይ ሁሉንም ጽፌአለሁ። ከሻትሌ አርባ ደቂቃ ገደማ። ለሷ የራሷ ካርድ ያስፈልጋታል፣ በኔ ካርድ ሁለት ሰው አያሳልፍም፣ አስር ዓመት ስላልሞላት ግማሽ ዋጋ ነው። ድሮ ከፓሪስ እስከዛ 5 ዩሮ ነበር፣ በ2025 መጀመሪያ ነው የባቡሩን ዋጋ ከኤርፖርት በቀር የትም ሂድ አንድ ያደረጉት፣ 2 ዩሮ ከ50፣ አሁን ትንሽ ሳንቲም ጨምረውበታል። ቫል ድዩሮፕ ላይ ብዙ ሰው ሲወርድ እንዳትወርድ፣ እሱ የገበያ ማዕከል ነው፣ የመጨረሻው ነው ያንተ። አሁን ላንተ ምን ያደርግልሃል ይሄ? ግን ለማን ልናገረው፣ አጥንቼዋለሁ እኮ፣ እንደ ማትሪክ።

ደግሞ ጣቢያው በሩ ላይ ነው! ከባቡር ወርደህ ደረጃውን ስትወጣ እዛው ነህ። ፓርኩ በነሱ 1992 ሲከፈት ነው ባቡሩም የደረሰው፣ እኔና አንተ አፈር ስንፈጭ ማለት ነው። መግቢያው ጋ ቦርሳ ይፈትሻሉ፣ ሰልፉ ላይ ቆምኩ፣ ከፊቴ የሦስት ዓመት የምትሆን ልጅ ከወፍራም ጃኬቷ በላይ የልዕልት ቀሚስ ለብሳ፣ እንደ ትንሽ ድንኳን ሆናለች። ተራዬ ሲደርስ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተ፣ የላስቲክ ጓንት፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ገና ያልታጠበ የምሳ ዕቃ። ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ አየ፣ ልጅ የለም። እኔም ምንም ማስረዳት አልቻልኩም፣ "ረቡዕ" አልኩት ብቻ፣ በፈረንሳይኛ። "ረቡዕ። ልጄ።" ሰውየው ጨርቁን መልሶ አጣጥፎ አስገባልኝና አሳለፈኝ።

ዋናው ፓርክ ያለ ትኬት አያስገባም፣ አጠገቡ ያለው የሱቅና የምግብ ቤት መንደር ግን ነጻ ነው። እዛ ሀይቅ ነገር አለ፣ ትልቅ ባሉን በገመድ ታስሮ ሰው ጭኖ ወደ ላይ ይወጣል ይወርዳል። እሱን እያየሁ ዳቦዬን በላሁ። ከሰባት ዓመት ወዲህ ከሥራ በኋላ ቀጥታ ቤቴ ሳልሄድ የቀረሁት የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

እሺ፣ ባቡሩን አውቄዋለሁ። አሁን የማላውቀውን ልጠይቅህ።

ሚሚ መኪና ላይ ያስመልሳታል? ትምህርት ቤት በታክሲ የምታመላልሳት አንተ ነበርክ። ባለፈው አውቶቡስ ላይ ፊቷ አመድ መሰለና "እንውረድ" አለች፣ ወረድን፣ ምን ሆንሽ ስላት "ምንም" አለች። ጋቢና ነበር እንዴ የምታስቀምጣት? ፊት ለፊት ስታይ ይሻላት ነበር? እዛ ጨለማ ውስጥ የሚተኮስ ሮለር ኮስተር አለ፣ ከ1 ሜትር ከ20 በታች አያስገቡም፣ የወጥ ቤቱ በር ላይ ለካኋት፣ 1 ሜትር ከ28 ሆናለች። ቁመቷ አልፏል። ሆዷን ነው የማላውቀው።

ዋናው ደግሞ ርችት። ማታ ሊዘጋ ሲል ቤተ መንግሥቱ ላይ መብራትና ርችት አለ፣ ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ነው። በመጣች በወሯ ገደማ፣ ጁላይ 14፣ የነሱ በዓል፣ ሰፈሩ በሙሉ ርችት ሲተኩስ ሽንት ቤት ገባችና ቆለፈች። "ሚሚ?" አልኳት። "እየታጠብኩ ነው" አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ቴሌቪዥኔን ማየት ቀጠልኩ። ከብዙ ቀን በኋላ፣ ሥራ ላይ፣ መስታወት እየወለወልኩ ነው ትዝ ያለኝ፣ የውኃ ድምፅ አልነበረም አቤ። አንድ ሰዓት ሙሉ ውኃ አልተከፈተም። እማዬን ደውዬ ብጠይቃት "የኔ ልጅ ምንም አትፈራም!" ብላ ጮኸችብኝ፣ እሷ ጋ ሁሉም ልጅ ጀግና ነው። እናቷም ቤይሩት ሆና ከኔ የባሰ አታውቅም። አንተ ነህ የምታውቀው። ርችት ትፈራለች? ትፈራለች ካልከኝ ሳይጀመር ይዣት እወጣለሁ፣ እሷ እንዳትሸማቀቅ ደክሞኛል እላታለሁ። እንደውም ባቡሩም ያኔ ነው የሚመቸው፣ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል አሉ።

ምክንያቱን ልንገርህ ብዬ ነበር አይደል።

ሚሚ "እርስዎ" ትለኛለች። አንቱ! ገና ኤርፖርት ላይ "ደህና ነዎት?" አለችኝ፣ እማዬ አስጠንታት ይሆናል ብዬ ሳቅኩ። ዘጠኝ ወሩ ነው አሁንም "እርስዎ እንዳሉ"፣ "ይብሉ"፣ "በሩን ልክፈትልዎት"። አንድ ቀን "አንተ በይኝ" አልኳት፣ "እሺ" አለች፣ ከዛ ለሁለት ቀን ያህል ምንም ብላ ሳትጠራኝ ቀረች፣ ዝም ብላ እየመጣች አጠገቤ ትቆማለች። ተውኩት። ሻትሌ ግፊያ ውስጥ እጇን ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ የጃኬቴን ጠርዝ ነው የምትይዘው፣ በሁለት ጣት። እና ማታ ማታ ስለ አንተ ታወራለች። "አቤ እኮ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወስዶኝ፣ በአንበሳ አውቶቡስ፣ አንበሳው ሲያዛጋ አቤ ፈርቶ..." አንተ ፈርተህ ነው አሉ፣ እሷ አይደለችም፣ ይሄንንም ልጠይቅህ ነበር። ስላንተ ስታወራ "አንተ፣ አቤ፣ አትዋሽ!" ያለችህን ሁሉ ድምፅህን እያስመሰለች ትነግረኛለች።

ቀናሁብህ። በቃ ይሄው ነው። ስልክ ደውዬ ባገናኛችሁ ድምፅህን ሰምታ ታለቅሳለች፣ ልመለስ ትላለች ብዬ "ነገ እንደውላለን" እያልኩ ዘጠኝ ወር ፈጀሁ። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም፣ ያ ነው ደግሞ የሚያመው። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እንዴት ይጻፋል፣ ላጥፋው ብዬ ነበር፣ ተወው ይሂድ።

የቧሲውን ነገር ነገርኳት ትናንት፣ እንደተኛሁና ሌላ አገር እንደወሰደኝ። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዛ "ባቡር ላይ ይተኛሉ እንዴ?" ብላ አፏን ይዛ ሳቀች፣ እኔም የኮተቤውን ነገርኳት፣ ውሻው ጋ ስደርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። አንተ ያልከውንም ነገርኳት፣ ይቅርታ፣ ውለታው ቀረ።

አንድ ነገር ልላክልህ። ታኅሣሥ ላይ ስልኬን ተበድራ ላንተ ቮይስ ቀድታ ነበር፣ መላኩን ሳትነካው ቀርታ ተቀምጦ አገኘሁት። አልላክኩትም፣ አላጠፋሁትምም። ከዚህ ሥር ነው ያለው፣ አርባ ሰከንድ ነው፣ መሀል ላይ ድንገት ዝም የምትለው በሩን ከፍቼ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

የርችቱን ነገር እስከ ማክሰኞ መልስልኝ። የታክሲውንም።