የመሪጌታው ሦስት ደብተሮች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አሳታሚ ጠፋ፣ የሚታተም ጥሩ ጽሑፍም ጠፋ የሚል እሮሮ በየጋዜጣው አነባለሁ። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም፤ ጽሑፉ እኔ መሳቢያ ውስጥ አለና።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የጽሕፈት አገልግሎት ስሰጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እንጀራዬ ማመልከቻና ውል ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ግን በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይመጣል፤ ያን ጊዜ ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም የሕይወት ታሪክ መሆኑን ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት ሦስት ደብተር ይዘው የመጡት አንድ መሪጌታ ናቸው። በቆሎ ተማሪነት ያሳለፉትን ዘመን ጽፈዋል፤ ደበሎውን፣ አኮፋዳውን፣ በየደጁ የሚጠብቀውን ውሻ። ገጹ በግዕዝ ቁጥር ነው። የቅዱሳን ስም እንደ ብራና ወጉ በቀይ ተጽፏል፤ የእናታቸውም ስም በቀይ ነው። ማሽኔ ጥቁር ብቻ ስለሚያትም ቀዩን ሁሉ አድምቄ ጻፍሁት። ሦስተኛው ደብተር ላይ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ሱቁን ዘግቼ ውስጥ ቀረሁ።

ሲያልቅ «አሁን ለማን ልስጠው?» አሉኝ። አዲስ አበባ ወደሚገኙ አሳታሚዎች ስልክ መታሁ። አንዱ የትምህርት አጋዥ መጻሕፍት ብቻ እንደሚያሳትም ነገረኝ። ሌላው የማተሚያውን ወጪ ደራሲው ከቻለ እንነጋገር አለ። ሦስተኛው «ፍላሹን በሰው ላኪልን» አለኝ፤ ላክሁ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ የደራሲ ወኪል ነኝ ባይ ለማንበቢያ ስድስት ሺህ ብር የጠየቃቸው። ጊደር ሸጠው ከፈሉ። ስልኩ ከዚያ ወዲህ አይነሣም።

እዚህ በሬ የሚሸጥ ሰው ደላላ ይይዛል። ደህና ደላላ ገዢው ለእርሻ ይሁን ለእርድ እንደመጣ ያውቃል፤ ጥማድ ለሚፈልግ የሰባ ሠንጋ እያሳየ ቀኑን አያስመሽበትም። አበሉንም የሚቀበለው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። (ከሁለቱም ወገን የሚበላ ደላላ መኖሩን አልክድም።)

በእንግሊዝና በአሜሪካ ለመጽሐፍም እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ የደራሲ ወኪል ይባላል። ለንደን ውስጥ ኤ. ፒ. ዋት የሚባል ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሥራውን ሲያስፋፋ ከደራሲው ገቢ ከመቶ 10 ይወስድ ነበር። ዛሬ የተለመደው 15 ነው። መጽሐፉ ለአሳታሚ ካልተሸጠ ወኪሉ ምንም አያገኝም፤ በሙያው የተከበረ ወኪል ለማንበብ ገንዘብ አይቀበልም። ይህን ባውቅ ኖሮ መሪጌታውን ጊደሯን አይሽጡ ባልኋቸው ነበር፤ ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። በእርግጥ እዚያም ደራሲና ወኪል በቀላሉ አይገናኙም። የወንጀል ታሪክ ለሚፈልገው ግጥም እየተላከለት ስንቱ ይመለሳል። ቢሆንም ብዙዎቹ ወኪሎች የሚፈልጉትንና የማይፈልጉትን፣ ስንት ምዕራፍ አስቀድሞ እንደሚላክላቸው ጽፈው ያስታውቃሉ። ደራሲው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው።

እኛ ጋ ወኪል እስኪበረክት መጠበቅ አልችልም፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ከጋዜጣችሁ ገጽ በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ቦታ ስጡን። አሳታሚዎች የትኛውን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚቀበሉ፣ የማተሚያውን ወጪ ማን እንደሚችል፣ መልስ በስንት ጊዜ እንደሚሰጡ በስማቸው ያውጡበት። «በዚህ ዓመት አንቀበልም» የሚልም ካለ ይጻፍ፤ የመንገድና የስልክ ወጪ ያተርፍልናል።

መሪጌታው በገበያ ቀን ብቅ እያሉ «መልስ አለ?» ይሉኛል። ስለ ጊደሯ አንሥተው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ግን አራተኛ ደብተር ይዘው መጡ፤ ግማሹን ጽፌዋለሁ።

የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪ
ከፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም