ዲኤንኤ ወደ ሞስ ሴል ስለማስገባት

ሰላም ውድ አባላት፣

ብዙዎቻችሁ ስለ ጂን ሽጉጥ ጠይቃችኋል። በዲኤንኤ የተለበጡ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶችን ወደ ሴሉ ይተኩሳል፤ ይሠራል። ፊስኮሚትሬላ ለተባለችው ሞስ (አበባ የሌላት ትንሽ ተክል) ግን የእኔ ምርጫ ፔግ ነው፤ ይህም ዲኤንኤ ወደ ሴል እንዲገባ የሚረዳ ኬሚካል ነው። መጀመሪያ የሴሉ ግድግዳ በድሪሴሌዝ ኢንዛይም ይሟሟል። የምትቀረው አረንጓዴ ድብልብል ፕሮቶፕላስት በጣም ስስ ናት፤ በፈሳሹ ውስጥ ማኒቶል (የስኳር አልኮል) ከሌለ ውኃ ስባ ትፈነዳለች። አደራ፣ በፒፔት ስትስቡ ቀስ በሉ! ከዚያ ዲኤንኤና ፔግ ጨምሮ በ45 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ያህል ማሞቅ ነው።

ደስ የሚለው፣ የዲኤንኤው ጫፎች ከሞሷ ጂን ጋር ከተመሳሰሉ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ የመግባት ዕድሉ ከአብዛኞቹ ዕፅዋት እጅግ ይበልጣል። ግን አትቸኩሉ። ከዲኤንኤው ጋር አንቲባዮቲክ የሚያስቋቁም ጂን ስለምናስገባ፣ የተሳካላቸውን ሴሎች በአንቲባዮቲክ እንለያለን፤ ግን አንቲባዮቲኩን ተቋቁሞ ባደገ ሁሉ ዲኤንኤው በቋሚነት ገብቷል ማለት አይደለም። ያለ አንቲባዮቲክ አሳድጋችሁ እንደገና በአንቲባዮቲክ ፈትኑት።