ስለ ትራማዶል የጻፋችሁት ላይ ትንሽ ልጨምር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ትራማዶል የወጣውን አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ነገሩን ሁሉ "የህመም ማስታገሻን አላግባብ መጠቀም" ብላችሁ ነው የዘጋችሁት። እኔ ፋርማሲ ነው ምሠራው። ያለ ማዘዣ ትራማዶል ስጪኝ ብለው ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ምንም ሚያማቸው ነገር የለም። መጀመሪያ "ወገቤን" ይላሉ፣ ትንሽ ስታዋሯቸው ግን ሌላ ነው፣ አንዱ ሰው ፊት ስቀርብ እጄ ይንቀጠቀጣል ይላል፣ አንዱ ከጫት በኋላ ልቤ ሲመታ የምሞት ይመስለኛል ይላል፣ አንዷ ደግሞ "እሱን ስወስድ ፈታ ያደርገኛል፣ ጭንቀቱ ይለቀኛል" አለችኝ በቀጥታ። ሚፈልጉት የፍርሃት መድኃኒት ነው። ይሄን ካልነካችሁት ጽሑፋችሁን "እኔን አይመለከትም" ብለው ነው ሚያልፉት።

ደግሞ ውሸታቸውን አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ይሠራላቸዋል። "ጎጂ ነው፣ አትውሰዱ" ብቻ ብሎ መጻፍ እዚህ ጋ ነው ሚከሽፈው፣ ልጁ ወስዶ አይቶታላ።

ለምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን ነው። በ1973 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው) አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካንዴስ ፐርት እና ሰለሞን ስናይደር ሞርፊንና መሰሎቹ አንጎል ውስጥ ሚያርፉበት ሪሴፕተር እንዳለ አሳዩ፣ በ1975 ደግሞ ስኮትላንድ አበርዲን ላይ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ አንጎል ራሱ ሚያመርተውን ኤንከፋሊን ሚባለውን ሞርፊን መሰል ነገር አገኙ። ሰው እነዚህን ሪሴፕተሮች ከህመም ጋር ብቻ ነው ሚያያይዛቸው፣ ግን ፍርሃትን ሚያስነሳው አሚግዳላ ላይም አሉ፣ የአንጎል ግንድ ውስጥ ኖርአድሬናሊን (ሰውነትን ሚያነቃው ኬሚካል) ሚለቀው ሎከስ ሴሩሊየስ ላይም ሞልተዋል። እኔን ሁሌ ሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ስንደነግጥ ኮርቲዞልን፣ ማለት የጭንቀት ሆርሞኑን፣ ሚቀሰቅሰው ኤሲቲኤች ሚባለው ሆርሞንና ቤታ ኢንዶርፊን ሚባለው የሰውነት የራሱ ሞርፊን መሰል ነገር ከአንድ ፕሮቲን ተቆርጠው ነው ሚወጡት፣ ማለት ድንጋጤውና ማረጋጊያው ከአንድ እናት ነው ሚወለዱት። በ1990 የወጣ ጥናት ላይ የቬትናም ጦርነት ትዝታ ሚያሰቃያቸው የቀድሞ ወታደሮች የጦርነት ቪዲዮ ሲያዩ የህመም ስሜታቸው ቀነሰ፣ ናሎክሶን ሚባለው ሪሴፕተሩን ሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ያ መቀነስ ጠፋ። ሰውነት የራሱን ኦፒዮይድ (ሞርፊንና መሰሎቹ ሚጠሩበት ስም ነው) እየለቀቀ ነበር ማለት ነው።

ግን ሪሴፕተሩ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሚው የሚባለው ያረጋጋል፣ ትራማዶልም ዋናው ማረፊያው እሱ ነው። ዴልታ ሚባለው ሪሴፕተር የሌላቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች ፈሪዎች ሆነው ተገኝተዋል። ካፓ ሚባለው ግን በተቃራኒው ነው፣ ጭንቀት ሲራዘም አንጎል ዳይኖርፊን ሚባል ሌላ የራሱን ኦፒዮይድ ይለቃል፣ እሱ ካፓ ላይ ሲያርፍ ሁሉ ነገር ያስጠላል፣ ሰው ይጨፈግጋል። ስለዚህ ኦፒዮይድ ሁሉ ደስታ ነው ሚባለው ወሬ ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ልመለስ። ትራማዶል ያንን የኖርአድሬናሊን ጣቢያ፣ ሎከስ ሴሩሊየስን፣ ሲያፍነው ሴሎቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፣ እንደ ፍሬን የተያዘ ሞተር ጋዝ ይጨምራሉ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ መድኃኒቱ አንድ ቀን ሲቀር ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ላብ፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መርበድበድ። ልጁ "አያችሁ፣ ጭንቀቴ ባሰብኝ" ብሎ ሁለት ፍሬ ይጨምራል፣ እሱ የድሮው በሽታዬ ነው ብሎ ያስባል እንጂ መድኃኒቱ ያመጣበት መሆኑን ማን ይንገረው? ክሎኒዲን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ይሄን የማቆም ስቃይ ለማስታገስ ሚሰጠው እነዚሁን ሴሎች ስለሚያረጋጋ ነው። ትራማዶል በዛ ላይ ሴሮቶኒን ሚባለውን ከስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካልም ስለሚነካ ማቆሙ ከሌሎቹ ኦፒዮይዶች ለየት ያለ ጣጣ አለው፣ አንዳንዱ ሰው ከባድ ድንጋጤና መቃዠት ያገኘዋል።

እኛን በተለይ ሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ይሄን ጋዜጣችሁ ላይ ባየው ደስ ባለኝ። ትራማዶል ሚው ላይ በደንብ ሚይዘው ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ በሚባል ኢንዛይም ከተቀየረ በኋላ ነው። በ1996 ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ላይ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይሄን ኢንዛይም ሚሠራው ጂን ትርፍ ቅጂ ነበራቸው፣ ከአውሮፓውያን ጋር ሲተያይ በጣም ብዙ ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ትራማዶሉን ቶሎና በብዛት ስለሚቀይረው ይበረታበታል። ስለዚህ "እኔ ሦስት ወስጄ ምንም አልሆንኩም" ሚለው የጓደኛ ምክር ዋጋ የለውም፣ እሱን ምንም ያላደረገው ሌላውን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል፣ በተለይ አረቄ ወይ የእንቅልፍ ኪኒን ከተጨመረበት። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የከለከለውና ሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው ከዚሁ ኢንዛይም ጋር በተያያዘ ነው። የአዋቂ የቀን ጣሪያ 400 ሚሊግራም ነው፣ ባለ 50ዋ ካፕሱል ስምንት ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ሲሆን የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ከዛ በታችም ሊመጣ ይችላል፣ ልጆቹ ግን ጫት ላይ ደርበው ነው ሚውጡት።

በሚቀጥለው ስትጽፉ ያለ ማዘዣ ስለምንሸጠው ስለኛም ጻፉ፣ አንቀየምም፣ ወይም እንቀየም። ጭንቀት ራሱን የቻለ ህክምና እንዳለው፣ እነ ፍሉኦክሴቲን ሚባሉ የጭንቀት መድኃኒቶች እንዳሉ፣ ለመሥራት ግን ሳምንታት እንደሚፈጁ ጻፉ፣ ልጆቹ ሦስት ቀን ወስደው "አይሠራም" ብለው ነውና ሚጥሉት። ወራት የወሰደ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ኪኒኑን ነጥቀው ሽንት ቤት ከመድፋታቸው በፊት ሐኪም ጋ ይውሰዱት፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ነው ሚቀነሰው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ