187 መቀመጫ ማለት 187 የመውጣት ድምፅ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አውሮፓ ኅብረት ፖፑሊስት ፓርቲዎች (የተራውን ሕዝብ ድምፅ ነን ብለው በነባር ፖለቲከኞች ላይ የሚነሡትን ማለት ነው) ያወጣችሁት ዘገባ «ከኅብረቱ መውጣት የሚፈልጉ ኃይሎች የፓርላማውን ሩብ ያዙ» ይላል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ምርጫ በኋላ በአውሮፓ ፓርላማ «አርበኞች ለአውሮፓ» የተባለው የፓርቲዎች ቡድን 84፣ የወግ አጥባቂዎችና የተሐድሶ አራማጆች ቡድን 78፣ «የሉዓላዊ ሀገራት አውሮፓ» ደግሞ 25 መቀመጫ ይዘው ጀመሩ። ድምሩ 187 ነው፤ ከ720ው ሩቡን አለፍ ይላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ስህተቱ ሦስቱን እንደ አንድ መቁጠሩ ላይ ነው።

ከ78ቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው የጆርጂያ ሜሎኒ ፓርቲ ነው። ሥልጣን ላይ ወጥቶም ጣልያንን ከኅብረቱ ላስወጣ አላለም። የያኔው የቼክ ጠቅላይ ሚኒስትር የፔትር ፊያላ ፓርቲም እዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። እነሱንም ነው ወይ «መውጣት የሚፈልጉ» የምትሏቸው? ከ84ቱ 30ውን የያዘው የፈረንሳይዋ የማሪን ለፔን ፓርቲ ከ2017ቱ ሽንፈት በኋላ ዩሮን የመተው ዕቅዱን ትቷል። ለመውጣት ሐሳብ የሚቀርበው «አማራጭ ለጀርመን» ሲሆን፣ እሱም ያለው በትንሹ ቡድን፣ በ25ቱ ውስጥ ነው። እነ ለፔን በግንቦት 2024፣ ምርጫው ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት፣ ይህንኑ ፓርቲ ከቀድሞው የጋራ ቡድናቸው አባረውታል፤ ዋና ዕጩው ኤስኤስ ስለተባለው የናዚ ታጣቂ ድርጅት በተናገረው ምክንያት። ቡድን ለማቋቋም ቢያንስ ከ7 አገሮች የተውጣጡ 23 አባላት ያስፈልጋሉ፤ ቡድን የሌለው የንግግር ሰዓቱም ገንዘቡም ያንሰዋል። እነ «አማራጭ ለጀርመን» 25 ላይ የደረሱት ይህን ወለል ለጥቂት አልፈው ነው። ዘገባችሁ ግን ሦስቱን ቡድኖች አንድ ግንባር አድርጎ አቀረባቸው።

ይበልጥ ያስቆጣኝ በኅብረቱ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ፖፑሊስቶቹ ፈጠሩት መባሉ ነው። ዴንማርኮች በ1992 ኅብረቱን የመሠረተውን የማስትሪክትን ውል በ50.7 በመቶ ውድቅ አድርገዋል። በ2005 የኅብረቱን ሕገ መንግሥት ፈረንሳዮች ወደ 55 በመቶ በሚጠጋ፣ ደቾች በ61.5 በመቶ ድምፅ ጥለውታል። በፈረንሳይ «አይሆንም» ብለው ከዘመቱት መካከል የሶሻሊስቱ ሎራን ፋቢዩስ ይገኙበታል፤ ፖፑሊስት አልነበሩም። ከዚያ የሕገ መንግሥቱ አብዛኛው ይዘት በሊዝበን ውል ተመልሶ መጣ፤ በ2008 የፈረንሳይ ፓርላማ ያለ ሕዝበ ውሳኔ አጸደቀው። መራጩ «ድምፄ ተረገጠ» ያለው ያኔ ነው። ፓርቲዎቹ ቅሬታውን አራገቡት እንጂ አልወለዱትም።

ጉልበት ያለበትን ቦታ ደግሞ ጨርሶ አላነሳችሁም። የአባል አገሮች ሚኒስትሮች በሚወስኑበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አብዛኛው ሕግ የሚያልፈው 65 በመቶውን ሕዝብ የሚወክሉ 15 አገሮች ሲደግፉት ነው። በውጭ ጉዳይ፣ በታክስ እና በሰባት ዓመቱ በጀት ግን ለማገድ አንድ አገር ብቻውን ይበቃል። በወቅቱ የሃንጋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቪክቶር ኦርባን በታኅሣሥ 2023 የዩክሬን የአባልነት ድርድር ሲወሰን ከመሪዎቹ ስብሰባ ክፍል ወጡ፤ ለዩክሬን የታሰበውን 50 ቢሊዮን ዩሮ ግን አገዱት። እገዳው እስከ የካቲት 1 ቀን 2024 ድረስ አልተነሳም። በፓርላማ 187 ወንበር ያላደረገውን አንድ መሪ በአንድ ሌሊት አደረገው።

ከአንባቢዎቻችሁ መካከል በእነዚህ አገሮች ዜግነት ወስደን ድምፅ የምንሰጥ አለን። የምንመርጠው እንዲህ ያለ ዘገባ አንብበን ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። ማረሚያ አውጡ፤ ሦስቱን ቡድኖች ለያይታችሁ፣ በየውስጣቸው ማን መውጣት እንደሚፈልግና ማን እንደማይፈልግ በስም ጻፉ።

አንባቢያችሁ